ጋቢ የለበሰው ኮምፒውተር

ይህን ታሪክ ስናገር አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ላስታውስ እችላለሁ። በቦታው ነበርኩ፤ ግን ፈርቼ ነበር፤ የፈራ ሰው ደግሞ አንዱን ነገር አጉልቶ ያይና ሌላውን ጨርሶ ይስታል። ቀድሞ የጮኸው ማን እንደሆነ ሦስቱን ወንድማማቾች ለየብቻ ጠይቄ ሦስት የተለያየ መልስ አግኝቻለሁ። ስለዚህ እኔ የማስታውሰውን ልንገራችሁ፤ ፍርዱን እናንተ ትሰጣላችሁ።

በአንድ ወቅት ደብረ ብርሃን ውስጥ አቶ ገብረየስ የሚባሉ አናጢ ነበሩ። ሦስት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ ነበሯቸው። የመጀመሪያው ዘርጋው የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ሞተር ሊበላሽ ሲል ከሌላው ሰው ቀድሞ ይሰማዋል፤ መንገድ ላይ ቆሞ «ያ መኪና ተራራውን አይወጣም» ካለ አይወጣም። ሁለተኛው ምናሴ የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮችን ይጠግናል። ዓይኑ የሌላው ሰው ዓይን ያለፈውን ያያል፤ ያላየውን ደግሞ አይናገርም። ሦስተኛው ናሁሰናይ ጤና ጣቢያ ነርስ ነው። መዳፉን ግንባር ላይ ሲያሳርፍ ትኩሳቱን ያውቃል፤ ቴርሞሜትሩ የሚነግረው ለማረጋገጫ ያህል ነው። የሁሉም ታናሽ እስከዳር ናት። እናታቸው ወይዘሮ ትርንጎ አክስቴ ናቸው።

አቶ ገብረየስ በጠና ሲታመሙ የእስከዳር እጮኛ ሽማግሌ ልኮ ነበር፤ ሠርጉ ግን ገና ነበር። እሳቸው እንደማይደርሱበት አወቁ። የፈሩት ሞቱን አይመስለኝም። የፈሩት፣ ልጃቸው የሠርጓ ዕለት የአባቷን ጉልበት ስማ፣ ተመርቃ ከቤት መውጣት ሲገባት፣ ጉልበቱም ምርቃቱም የሌለበት ቀን እንዳይሆንባት ነው። አንድ ቀን ምናሴን ጠሩና «ይህን ማሽን ድምፅ እንዲይዝ አድርግልኝና ውጣ» አሉት። ምናሴ ማይክሮፎኑን ሰካ፣ መቅጃውን አስጀመረ፣ በሩን ዘግቶ ወጣ። ሲጨርሱ ቤተሰቡን ሰበሰቡ።

«የእስከዳር ምርቃት ነው» አሉ። «ጉልበት በሚሳምበት ሰዓት ይከፈት። ከዚያ በፊት ማንም እንዳይሰማው። እንዳትነካኩት።»

ከቀብሩ በኋላ ምናሴ «እማዬ፣ በፍላሽ አንድ ቅጂ ባስቀምጥስ?» ብሎ ነበር።

«አትንኩት አይደል ያለው?» አሉ ወይዘሮ ትርንጎ።

ምናሴ ፍላሹን ወደ ኪሱ መለሰ። የአባት የመጨረሻ ቃል ነው፤ ማን ይከራከራል? ቤተሰቡ ቃሉን አከበረ፤ ቃሉን ስላከበረም የአባትየው ድምፅ በዓለም ላይ አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ ሳሎን ውስጥ፣ መስኮቱ አጠገብ፣ በዚያ አሮጌ ኮምፒውተር ዲስክ ላይ።

ወይዘሮ ትርንጎ የባላቸውን ጋቢ አውጥተው ኮምፒውተሩን አለበሱት። የደብረ ብርሃን ብርድ የታወቀ ነው።

«እማዬ፣ ማሽን እኮ ነው፤ አይበርደውም» ይሏቸዋል ልጆቹ።

«እሱ ውስጡ ነው» ይላሉ።

«ነገ ደግሞ አጥሚት ታጠጪዋለሽ» ይላል ዘርጋው። ይስቃሉ፤ ጋቢውን ግን ማንም አያነሳውም።

ዓመቱ ዞረ፣ ተዝካሩ ወጣ፣ የሠርጉ ቀን ተቆረጠ። በሠርጉ ሳምንት ልጆቹ ሁሉ እቤት ተሰባሰቡ። እኔም ድምፅ ማጉያ ተሸክሜ ሄድኩ፤ ከኮምፒውተሩ ጋር አገናኝተን ድምፅ መውጣቱን በአንድ ዘፈን ልንሞክር ነበር። ረፋድ ላይ ነበር መሰለኝ። ምናሴ ጋቢውን ገፎ ለእኔ አቀበለኝ። ለብ ብሏል። በመስኮት የገባችው ፀሐይ አሙቃው ይሆናል ብዬ አጥፌ አቶ ገብረየስ ከጽድ እንጨት በሠሩት ባለመደገፊያ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። የአባት ወንበር የሚሉት ያንን ነው፤ በሠርጉ ዕለትም እዚያ የሚቀመጠው ሰው በአባትየው ፋንታ ጉልበቱ ይሳማል። እንደ ልማዱ ቦታው የታላቁ ወንድም፣ የዘርጋው ነበር።

ምናሴ ኮምፒውተሩን አበራው። መነሳት አቃተው። ስክሪኑ ላይ ያለችው ክብ ትዞራለች፣ ትቆማለች፣ እንደገና ትዞራለች። ከዚያ ድምፁ መጣ።

ጠቅ። ዝም። ጠቅ፣ ጠቅ። ዝም።

ሣጥን ውስጥ ያለ ሰው ክዳኑን በጥፍሩ የሚመታ ይመስል ነበር። ይህን ሐሳብ ለማንም አልተናገርኩም፤ እስከዳር ግን ፊቷ ሲለወጥ አየሁ፤ እሷም ይህንኑ ያሰበች መሰለኝ።

ስክሪኑ ላይ ጽሑፍ ወጣ። ዲስኩ ስህተት እንዳለበትና ጥገና ሊጀምር መሆኑን የሚያስታውቅ ነበር፤ ከሥሩ ሰከንዶች ወደ ኋላ ይቆጥራሉ። ምናሴ ወደ ስክሪኑ ጎንበስ ብሎ ማንበብ ጀመረ።

ዘርጋው አላነበበም። ጭንቅላቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ ሰማ። ሞተር ሲሰማ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቅ ግድግዳው ጋ ደረሰና ሶኬቱን ነቀለው። ስክሪኑ ጠፋ።

«ምን አደረግህ?» ጮኸ ምናሴ። «ኮምፒውተር እንዲህ አይጠፋም! በርቶ እያለ ከተነቀለ በዚያው ሊቀር ይችላል!»

«አንተ የምታነበውን አላውቅም» አለ ዘርጋው። የነቀለውን ገመድ እንደያዘ ነበር። «ብረት ብረትን ሲነካ ግን አውቃለሁ። እንዲህ የሚል ሞተር ይዤ አንድ ሜትር አልሄድም። ይህን ነገር ዳግመኛ የሚያበራ ሰው ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው።»

ወይዘሮ ትርንጎ ከጓዳ ብቅ አሉ። «ምንድን ነው እሱ?»

«ምንም አይደል እማዬ፤ መብራቱ ነው» አለች እስከዳር።

አክስቴ ወንበሩ ላይ የተቀመጠውን ጋቢ አዩ፣ ኮምፒውተሩን አዩ። የበሩን ጉበን ይዘው ጥቂት ቆሙ። አንድም ነገር ሳይጠይቁ ተመለሱ። ይህ ገርሞኝ ነበር፤ እሳቸው ስለዚያ ኮምፒውተር ሳይጠይቁ የሚቀሩ ሴት አይደሉም።

እስከዳር መሬት ላይ ቁጭ አለች። «እሁድ ምን እሰማለሁ?» አለች። «የማንን ጉልበት ነው የምስመው?» ከዚያም እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠርጋ ቀና አለች። «ስሙኝ፣ ሦስታችሁም። ታላቅ ታናሽ አላውቅም። የአባዬን ድምፅ ያዳነልኝ በአባዬ ወንበር ይቀመጣል። የእሱን ጉልበት እስማለሁ።»

ይህ ቃል ከዘርጋው ላይ ተወርሶ የቆየ መብት ይነጥቅ ነበር። ዘርጋው ግን «እሺ» አለ። ይህን በደንብ አስታውሳለሁ።

ምናሴ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ሠራው ብላችሁ እንዳታስቡ። መጀመሪያ ከኪሱ ካቻቢቴውን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና እጁን አጣጥፎ አሰበ። ናሁሰናይ መቆም አቅቶት ክፍሉን ይዞራል።

«በቃ አብራውና ገልብጠው!» አለው።

«ምኑን ነው የምገለብጠው? ዲስኩ መሆኑን እንኳ አላወቅሁም። ገመዱ ቢሆንስ? ኃይል የሚሰጠው ቢሆንስ?»

«ታካሚ እየሞተ የጥርሱን ቁጥር ትጠይቃለህ?»

«አዎ፤ ደህናውን ጥርስ እንዳልነቅል እጠይቃለሁ» አለ ምናሴ። ማንም አልሳቀም።

ሣጥኑን ፈታ። ገመዱን በሌላ ገመድ ቀየረ። ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ለብቻው ፈተሸ፤ ደህና ነበር። ዲስኩን ብቻ አውጥቶ በማገናኛ ከራሱ ላፕቶፕ ጋር አያያዘው። ኮምፒውተሩ በዲስኩ ላይ ተደግፎ እንዳይነሳ ነው፤ እንዲህ ከሆነ ዲስኩ የሚሠራው የታዘዘውን ብቻ ነው። ዘርጋው ሶኬቱ አጠገብ እጁን ዘርግቶ ቆሞ ነበር፤ ሊነቅለው እንደተዘጋጀ ሰው። «አንድ ጊዜ ብቻ» አለው።

እንዲህ ያለ ዲስክ ስለ ራሱ የሚጽፈው ሪፖርት አለ፤ ስንት ቦታው መነበብ እንዳቃተው ራሱ ይመዘግባል። ምናሴ ሪፖርቱን አነበበ፤ ትንሽ ቆይቶ እንደገና አነበበ። ቁጥሩ ጨምሯል።

«ዲስኩ ነው» አለ። «ገመድ አይደለም፣ ሌላም አይደለም። እየተነበበ እያለ እየሞተ ነው። ቅድም ስክሪኑ ላይ የነበረው ጥገና ቢጀምር ኖሮ እያንዳንዱን የታመመ ቦታ እየደበደበ ይጨርሰው ነበር።» ወደ ዘርጋው ዞረ። «ባወጣሁት ቃል አዝናለሁ።»

«ስንት ጊዜ አለው?»

«አላውቅም። አላውቅም ስላችሁ እመኑኝ፤ ማንም አያውቅም።»

ፋይሉን ፈልጎ አገኘው። «ለእስከዳር» ይላል ስሙ። ምናሴ ስክሪኑን ከሚያስፈልገው በላይ ረዘም አድርጎ ተመለከተ፤ ከዚያ ወደ ጓዳው በር ዞሮ አየ። ያኔ ምን እንዳየ አልገባኝም። ደህና የሆነውን ቦታ አስቀድሞ፣ የታመመውን ወደ ኋላ እያስቀረ የሚገለብጥ ፕሮግራም አዘጋጀ፤ ከመላው ዲስክ ያንን ፋይል ብቻ መረጠ። ይህ ምርጫ ከባድ ነበር፤ አቶ ገብረየስ ለዓመታት ያሰባሰቧቸው የቤተሰቡ ፎቶዎችም እዚያው ነበሩ። ጊዜ ካለ እነሱ በኋላ፤ ከሌለ ይቅሩ ማለት ነው።

ጣቱን ቁልፉ ላይ አደረገ። አልጫነውም።

«አትንኩት ብሏል» አለ።

«ምናሴ!» አለ ናሁሰናይ።

«እሱ ብቻ አይደለም። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ ዲስክ አቧራ በማይገባበት ክፍል የሚከፍቱ አሉ። ነገ ልወስደው እችላለሁ። እሁድ አይደርስም፤ ግን በሕይወት ሊተርፍ ይችላል። እዚህ ከጀመርኩና ግማሽ ላይ ከሞተ ግን ከዚያ በኋላ ማንም አያወጣውም። በእኔ እጅ ነው የሚሞተው።» ጣቱን ከቁልፉ ላይ አነሳ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ጣቴን እንደዚያው አነሳ ነበር፤ ስለዚህ ማን ትክክል ነው ስትሉኝ ወደ ምናሴ ማዘንበሌ እንዳይሆን ብዬ ራሴን እጠራጠራለሁ።

«በመንገዱ ንውጥውጥታ ዲስኩ ይተርፋል?» አለ ዘርጋው። «ያንን መንገድ እኔ ነኝ የማውቀው።»

«አላውቅም።»

ናሁሰናይ ዙረቱን አቁሞ ጠጋ አለና መዳፉን ዲስኩ ላይ አሳረፈ። ወዲያው አነሳው።

«ይሄ ልጅ ትኩሳት አለው» አለ።

«ሲሠራ ይሞቃል» አለ ምናሴ።

«ይህ የሥራ ሙቀት አይደለም። ንቀለው፤ ግዴለም፣ አሁን ንቀለው። ትኩሳቱን ሳላወርድ ምንም አላደርግም።» መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፈተው። የደብረ ብርሃን ንፋስ ገባ፤ መጋረጃው ተነሳ፣ እስከዳር ነጠላዋን ተከናነበች። ናሁሰናይ ወደ ጓዳ ሮጠ፤ ከሰል የሚራገብበትን ማራገቢያ ይዞ ተመለሰ። ዲስኩን መስኮቱ ሥር አኑሮ ያራግብ ጀመር።

«አሁን ማሽን ልታበስል ነው ወይስ ልታበርድ?» አለ ዘርጋው።

ናሁሰናይ በመዳፉ እየለካ፣ እያራገበ ቆየ። ሲበቃው ዲስኩን ራሱ መልሶ ሰካ። ከዚያ የምናሴን እጅ ከላፕቶፑ ላይ ቀስ አድርጎ አነሳው።

«አባዬ አትስሙት ነው ያለው» አለ። «አንሰማውም። ከሚነድ ቤት ተሸክመን ማውጣት ነው። በእኔ ይሁን።»

ተጫነው።

ስክሪኑ ላይ አረንጓዴ መስመር ቀስ እያለ ማደግ ጀመረ። መስመሩ ግማሽ አልፎ ሄደ፤ ከዚያ ቆመ። ጠቅ። ዝም። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ጠቅ። ዘርጋው ወደ ሶኬቱ ተወረወረ፤ ናሁሰናይ በግራ እጁ የወንድሙን የእጅ አንጓ ያዘ፤ በቀኙ ማራገቡን አላቋረጠም።

«ልቀቀኝ! እየሞተ ነው! አይሰማህም?»

«አሁን ከነቀልከው ዳግመኛ አይነሳም! ትንሽ! ጋሼ፣ ትንሽ ብቻ!»

ዘርጋው ሊያስለቅቅ ይችል ነበር፤ ከናሁሰናይ ይልቅ ጉልበተኛ ነው። አላስለቀቀም። ለምን እንዳላስለቀቀ እስከ ዛሬ አልነገረኝም። እስከዳር አፏን በነጠላዋ አፍና ነበር። በጓዳው በር ክፍተት የአክስቴን ቀሚስ ጫፍ አየሁ። እዚያው ቆመው ሁሉንም ይሰሙ ነበር።

መስመሩ ተነሳ። እየተጎተተ ሄደ። ሞላ።

ያኔ ዲስኩ ረዥም የሚፋጭ ድምፅ አወጣና ጸጥ አለ። ምናሴ ብዙ ሞከረ፤ ከዚያ ወዲያ አልተነሳም። የቤተሰቡ ፎቶዎች ሁሉ፣ አቶ ገብረየስ በወጣትነታቸው በመጋዝ ፊት ቆመው የተነሡትን ጨምሮ፣ ከእሱ ጋር ሄዱ።

ምናሴ የቅጂውን መጠን ከዋናው ጋር አስተያየ። «ልክ ነው» አለ። «ግን ሳልሰማው ደህና ነው ልላችሁ አልችልም።» ማንም «እንስማው» አላለም። እስከ እሁድ ድረስ የያዙት ድምፅ ይሁን ባዶ ፋይል አያውቁም ነበር። የዚያን ሳምንት የእስከዳርን ፊት ያየ ሰው ሙሽራ ናት አይልም።

የወንበሩ ነገር የተነሣው በዚያው ቀን ነው።

«ሶኬቱን ባልነቅል የሚገለበጥ ነገር አይኖርም ነበር» አለ ዘርጋው። «ምናሴ ገና ያነብ ነበር። ጥገናው ሊጀምር ነበር፤ ራሱ ተናግሯል። ከዚህም ሌላ፣ ቦታው ድሮም የእኔ ነው፤ የሰጠሁት ለእስከዳር ብዬ ነው።»

«ዘርጋው ያቆመውን ነገር ምንነት አላወቀም» አለ ምናሴ። «ሰምቶ ፈራ፤ ፈርቶ ነቀለ። ገመድ ቢሆን ኖሮ መንቀሉ ራሱ ይጎዳው ነበር። በሽታውን የለየሁት እኔ ነኝ፤ ከሞት ጋር የሚሽቀዳደመውን አንድ ፋይል የመረጥኩት እኔ ነኝ፤ መንገዱን ያዘጋጀሁትም እኔ ነኝ። ናሁሰናይ የጫነው ቁልፍ እኔ የሠራሁት ነው።»

«ሠርተኸው አልጫንከውም» አለ ናሁሰናይ። «እናንተ ሁለታችሁ ትክክል ነበራችሁ፤ ትክክል ሆናችሁ ዲስኩ ጠረጴዛ ላይ ይሞት ነበር። ትኩሳቱን ያገኘሁት እኔ ነኝ። የአባዬን ቃል የጣስኩትም እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ ወንበሩም የእኔ ይሁን።»

«ፎቶዎቹንም የገደልካቸው አንተ ነህ» አለ ዘርጋው።

ይህ እውነት ነበር።

«ለሦስታችሁም ይሁን» አለች እስከዳር እያለቀሰች።

«ወንበሩ አንድ ነው፣ እታለም» አለ ዘርጋው። «ተደራርበን እንቀመጥ? የትኛውን ጉልበት ልትስሚ ነው?» በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉም ሳቁ፤ ግን ከሳቁ በኋላ ወንበሩ እንደገና አንድ ሆነ።

ነገሩ ወደ ጎረቤት ወጣ። ሹፌሮቹ ለዘርጋው ፈረዱ፤ ድምፁን የሰማው ባይነቅል ኖሮ የሚከተለው ሁሉ የለም አሉ። የምናሴ ባልደረቦች ሳያውቁ ማዳን ዕድል እንጂ ማዳን አይደለም አሉ። የጤና ጣቢያው ሰዎች ደግሞ ጊዜው ሲደርስ እጁን ያልዘረጋ ሐኪምን ማን ያመሰግናል አሉ። የሙሽራው ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ተቀምጠው ሳይፈርዱ ተነሡ። አክስቴን ሲጠይቋቸው «እኔን አትጠይቁኝ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እናት ከልጆቿ መካከል መምረጥ ከብዷት ነው ብለን ተውናቸው።

እሁድ በዚያ ወንበር ላይ አንድ ሰው ተቀመጠ። ማን እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ የምትፈርዱት በሰውየው ላይ እንጂ በጥያቄው ላይ አይሆንም። ሚዜዎቹ ገቡ፤ እልልታው ቆመ፤ እስከዳር በጉልበቷ ተንበረከከች። እኔ ድምፅ ማጉያው ጋ ነበርኩ። ምናሴ ፋይሉን ከፈተ። መጀመሪያ ምንም አልወጣም፤ የጨርቅ ሹክሹክታ ብቻ። የማጉያውን ድምፅ ከፍ አደረግሁት። ከዚያ አቶ ገብረየስ ተናገሩ።

«እስከዳር፣ ልጄ። ወንበሩ ላይ ማን እንዳለ አላይም። ማንም ይሁን፣ ዛሬ ጉልበቱ የእኔ ነው። ሳሚው…»

ድንኳኑ አለቀሰ። እኔ ግን አክስቴን ነበር የማየው። ከንፈራቸው ይንቀሳቀስ ነበር። ከድምፁ ጋር አይደለም፤ ከድምፁ ትንሽ ቀድሞ። ምርቃቱ መሐል ላይ አቶ ገብረየስ ያስላሉ፤ አክስቴ ሳሉ ከመምጣቱ በፊት እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ለማንም አልተናገርኩም።

ከወራት በኋላ፣ ብቻችንን ስንሆን፣ ጠየቅኋቸው። አልካዱም።

«በየማለዳው» አሉ። «ልጆቹ ሳይነሱ። ምናሴ የት እንደሚጫን አይቼው ነበር። ድምፁ ወደ ውጭ እንዳይወጣ ጋቢው ውስጥ እገባለሁ፤ እኔም ማሽኑም አንድ ላይ ተሸፍነን።»

«ያን ቀንም?»

«ያን ቀንም። ጋቢው ከሙቀቱ አልቀዘቀዘም ነበር። ዘርጋው ሲነቅለው ገደልኩት አልኩ። ሁለተኛ ገደልኩት አልኩ። ከበሩ መራቅ አቃተኝ።»

ምናሴንም ጠየቅሁት። ፋይሉ በዚያው ማለዳ ተከፍቶ እንደነበር አይቷል፤ ለወንድሞቹም ለእናቱም ትንፍሽ አላለም። ሞቶ የቀረውን ዲስክ አዲስ አበባ ወስዶ ሲያስከፍተው የሥራው ባለቤት ለረዥም ጊዜ የቆየ ሙቀት ጎድቶታል ብሎ ነግሮታል፤ ይህንንም ደብቋል።

ያን ዕለት ከአክስቴ ቤት ከመውጣቴ በፊት ምርቃቱን ይሉልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። ዓይናቸውን ጨፍነው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሉልኝ፤ ዝምታዎቹን ሳይቀር፤ ሳሉ ያለበት ላይ ደርሰው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። እንደ ልማዴ ተጠራጥሬ እቤቴ ስገባ ከቅጂው ጋር ቃል በቃል አስተያየሁት። አንድም ቃል አልሳቱም።

እንግዲህ ፍረዱ፤ አንዱ ሰምቶ አቆመው፣ አንዱ አይቶ ለየው፣ አንዱ ዳስሶ አወጣው፤ አንዲቷ ደግሞ ስትሰማው ገደለችው፣ ስትሰማውም በልቧ ያዘችው። በዚያ ወንበር መቀመጥ የሚገባው ማን ነበር?